የተሽከርካሪ መድን፤ የዓረቦን መናርና የካሳ ፍትሐዊነት ጥያቄ

ተሽከርካሪ ያለው ግለሰብም ሆነ ድርጅት በየዓመቱ የመድን ውሉን ማደስ እንዳለበት ይታወቃል። ውሉ በሚታደስበት ወቅት በአብዛኛው የሚሰማው ቅሬታ የዓረቦን ክፍያ ከዓመት ዓመት እየጨመረ መምጣቱን የሚመለከት ነው። አደጋ ደርሶበት ካሳ የጠየቀ ባለንብረት ግን ከዋጋው ይልቅ የሚያነሳው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የከፈለው ዓረቦን እና የተቀበለው ካሳ ለምን እንዳልተመጣጠኑ ማወቅ ይፈልጋል። ሁለቱም ቅሬታዎች መነሻ አላቸው። መነሻቸው ግን በመድን ሰጪው ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በሕጉና በውሉ አሠራር ውስጥም ጭምር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕጉ ባለንብረቱን ኃላፊ ቢያደርገውም መድን እንዲገባ አላስገደደውም ነበር። በዚህም ምክንያት በአደጋ የቤተሰቡን አስተዳዳሪ ያጣ ሰው በፍርድ ቤት ከረታ በኋላ የሚያስፈጽምበት ሀብት ሳያገኝ የሚቀርበት አጋጣሚ ጥቂት አልነበረም። ይህ ክፍተት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ የሦስተኛ ወገን መድንን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 559/2000 ወጣ፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ።

አዋጁ ካስገኛቸው ጥቅሞች መካከል ተጎጂው ማን እንደሚከፍል ሳይጠየቅ የአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ማድረጉ ቀዳሚው ነው። አደጋ አድርሶ በተሰወረ ወይም መድን ባልገባ ተሽከርካሪ ለተጎዱ ሰዎች የሚከፍል የመድን ፈንድ መቋቋሙም ተጠቃሽ ነው። በሌላ በኩል በ2005 ዓ.ም. የተወሰነው የካሳ ጣሪያ ለሞትና ለአካል ጉዳት 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100 ሺህ ብር ነበር። የኑሮ ውድነት እያደገ ሲሄድ 40 ሺህ ብር የአንድን ሟች ቤተሰብ ለጥቂት ወራት እንኳ የማያቆይ ገንዘብ ሆኖ ነበር። ጣሪያው ከዓመታት በኋላ ተሻሽሎ ከፍ ቢልም ለረጅም ጊዜ ሳይነካ መቆየቱ በብዙ ተጎጂዎች ላይ ጉዳት ማድረሱ አይካድም።

እዚህ ላይ በብዙ ባለንብረቶች ዘንድ ያለ የተሳሳተ ግንዛቤ መጠቀስ ይኖርበታል። በመስታወት ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ስቲከር ባለንብረቱን ከማንኛውም ዕዳ ነፃ አያወጣውም። መድን ሰጪው የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ብቻ ነው። ጉዳቱ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጎጂው ቀሪውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ከባለንብረቱ ለመጠየቅ ይችላል። ውድ ዋጋ ያለው ተሽከርካሪ የገጨ አነስተኛ ገቢ ያለው አሽከርካሪ ይህን የሚረዳው ብዙውን ጊዜ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲደርሰው ነው።

የራስን ተሽከርካሪ ጉዳት የሚሸፍነው ሙሉ መድን ግን በሕግ የግዴታ አይደለም፤ የዋጋ ቅሬታውም የሚበረታው በዚህ ላይ ነው። ዓረቦኑ በዋነኛነት የሚሰላው ከተሽከርካሪው ዋጋ፣ ዓይነት፣ ዕድሜና አገልግሎት በመነሳት ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የሚያሽከረክረውና በግዴለሽነት የሚነዳው ሰው ተመሳሳይ ተሽከርካሪ ካላቸው ሲጀምሩ የሚጠየቁት ክፍያ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱን ለማጥበብ የተዘጋጀው ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚደረገው የዓረቦን ቅናሽ ነው። ቅናሹ ተገቢ ቢሆንም የራሱ እንከን አለው፤ የጎን መስታወት ወይም የፊት መብራት የተሰበረበት ባለንብረት ቅናሹን ላለማጣት ሲል ጉዳቱን ከኪሱ ያሠራል። መድን ገብቶ መድን የማይጠቀም ሰው የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ጎልቶ ታይቷል። ተሽከርካሪውም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የብር የመግዛት አቅም ሲቀንስ የሁለቱም ዋጋ ያሻቅባል። በውሉ ላይ የሰፈረው የመድን መጠን ግን ባለንብረቱ ካላስተካከለው በነበረበት ይቆያል። ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ተሽከርካሪ በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር መድን ተገብቶለት የገበያ ዋጋው 3 ሚሊዮን ብር ደርሷል እንበል። የ400 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስበት ባለንብረቱ 400 ሺህ ብር እንደሚከፈለው ይጠብቃል። በመድን ውሎች ዘንድ በተለመደው ድንጋጌ መሠረት ግን ተሽከርካሪው የተሸፈነው በግማሽ ዋጋው ስለሆነ የሚከፈለውም የጉዳቱ ግማሽ፣ ማለትም 200 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህም ላይ ባለንብረቱ በራሱ እንዲችለው በውሉ የተመለከተው ኤክሰስ ይቀነሳል፤ አሮጌው ዕቃ በአዲስ ሲተካም የእርጅና ተቀናሽ ሊኖር ይችላል። ባለንብረቱ በዚህ ጊዜ «ተበደልኩ» ቢል አይፈረድበትም፤ ስሌቱ ግን ቀደም ሲል በፈረመው ውል ውስጥ የነበረ ነው።

የመድን መጠኑን ከገበያ ዋጋ በላይ ማስመዝገብም መፍትሔ አይሆንም። የንግድ ሕጉ የንብረት መድን ጉዳትን ለመተካት እንጂ ለትርፍ እንዳልሆነ በአንቀጽ 678 ስለሚደነግግ ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ትርፍ ዓረቦን የከፈለ ሰው ትርፍ ካሳ አያገኝም ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም መድንን የሚመለከተው የ1952ቱ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ አለመሻሩን ልብ ይሏል።

ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ የሚነሳው ቅሬታ ደግሞ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱም ለግጭቱ እኩል ምክንያት እንደሆኑ ተቆጥሮ ኪሳራውን እኩል ይካፈላሉ። ቆሞ ሳለ የተገጨ አሽከርካሪ እንኳ ማስረጃ ካላቀረበ የሌላውን ስህተት ግማሽ ሊሸከም ይችላል። በመሆኑም ተሽከርካሪዎቹ ከመነሳታቸው በፊት የትራፊክ ፖሊስ ፕላን እንዲያነሳ ማድረግ፣ የአካባቢውን ፎቶግራፍ መያዝና የዓይን ምስክሮችን አድራሻ መውሰድ ካሳውን የሚወስኑ ተግባራት ናቸው። መንገድ እንዳይዘጋ በሚል በስምምነት ተነስተው ከሄዱ በኋላ ጥፋተኛውን ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

መድን ሰጪዎች በበኩላቸው የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። ሕይወት ነክ ባልሆነው የመድን ዘርፍ ውስጥ ተሽከርካሪ በዓረቦንም ሆነ በካሳ ክፍያ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል፤ የአደጋው ብዛት፣ የመለዋወጫ ዋጋና ተጋንኖ የሚቀርብ የጋራዥ ግምት ወጪያቸውን ያንረዋል። ይህ እውነትነት አለው። ሆኖም ወጪው ከማን ላይ ሊሰበሰብ ይገባል የሚለው ጥያቄ በዚህ ብቻ አይመለስም። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ የመኪና ዓረቦን በቅድሚያ በአሽከርካሪው የመንዳት ታሪክ፣ ቀጥሎ በዓመት በሚጓዘው ርቀት፣ ከዚያም በልምዱ ዘመን እንዲወሰን አዟል፤ ኩባንያዎችም ታሪፍ ከመለወጣቸው በፊት እንዲያስፈቅዱ አስገድዷል። ዋጋው በዚያም ቢሆን ቅሬታ አላጣም፤ ነገር ግን አሽከርካሪው ዓረቦኑ በምን እንደተሰላ ለማወቅ የሚያስችለው መሠረት አለው። እንዲህ ዓይነቱን አሠራር በአገራችን ለመከተል የትራፊክ ጥፋት መዝገብ ከመድን ሰጪዎች መረጃ ጋር መገናኘት ይኖርበታል።

ውሉን የሚያድስ ባለንብረት ወይም የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ኃላፊ የተሽከርካሪውን ወቅታዊ ዋጋ በጽሑፍ አስገምቶ የመድን መጠኑን ማስተካከል፣ የኤክሰሱን መጠንና የእርጅና ተቀናሹን ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ይጠበቅበታል። በካሳ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ደንበኛ በመጀመሪያ ለመድን ሰጪው የበላይ ኃላፊዎች፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 746/2004 የመቆጣጠር ሥልጣን ለተሰጠው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ማቅረብ የተለመደ ነው። አቤቱታው እየታየ ባለበት ጊዜ ግን የይርጋው ጊዜ መቁጠሩን ያቆማል ብሎ መዘናጋት አይገባም። ከመድን ውል የሚነሳ ክስም ሆነ ተጎጂው በባለንብረቱ ላይ የሚያቀርበው ከውል ውጭ የሆነ የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ በሁለት ዓመት ይርጋ የሚታገድ ሲሆን፣ በጋራዥ፣ በገማችና በመድን ቢሮ መካከል በሚደረግ ምልልስ ሁለት ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።