ከጦር ሠራዊት ወደ ለንደን ፖሊስ

የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1829 ሲቋቋም ሁለት ኮሚሽነሮች ተሾሙለት። አንደኛው የሕግ ባለሙያው ሪቻርድ ሜይን፣ ሌላው በዋተርሉ ጦርነት የቆሰለው ሌተና ኮሎኔል ቻርለስ ሮዋን ነበሩ።

በዚያ ዘመን እንግሊዞች በከተማቸው የታጠቀ ኃይል ማየት አይፈልጉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1819 ማንቸስተር ላይ የፓርላማ ማሻሻያ ለመጠየቅ የወጣውን ሕዝብ ፈረሰኛ ጦር በሰይፍ በትኖ ሰው ገድሏል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል አዲሱ ፖሊስ ወታደር እንዳይመስል ተጠነቀቁ። የደንብ ልብሱ በሠራዊቱ ቀይ ፈንታ ሰማያዊ ሆነ፤ ባርኔጣውም የሲቪል ነበር። ኮንስታብሉ ጠመንጃ አይዝም ነበር፤ ዱላውንም ከኮቱ ጅራት ሥር ይደብቀው ነበር።

አሠራሩ ግን የሠራዊቱ አሻራ ነበረበት። ሮዋን ያገለገሉበት 52ኛው ሬጅመንት በጄኔራል ጆን ሙር ሥር የሠለጠነ ነው፤ እዚያ መኮንን ወታደሮቹን ማወቅ፣ ወታደርም በራሱ ማሰብ ይጠበቅበት ነበር። በለንደንም ኮንስታብሎች ከጣቢያ በሰልፍ ወጥተው በሳጅን እየተመሩ ይሠማሩ ነበር፤ እያንዳንዱም የተመደበለትን መንገድ በዝግታ እየተመላለሰ ይጠብቅ ነበር። ኮሌታው ላይ ፊደልና ቁጥር ስለነበረ የበደለውን ኮንስታብል ማንም መክሰስ ይችል ነበር። ዲሲፕሊኑ ጥብቅ ነበር፤ ቁጥር 1 የተሰጠው ኮንስታብል ሰክሮ በመገኘቱ በመጀመሪያው ቀን ተሰናበተ።

ፒል የፖሊስ ሹመት የባላባት ልጆች መጦሪያ እንዲሆን ስላልፈቀዱ፣ ብዙዎቹ የክፍል ኃላፊዎች ከሠራዊቱ የበታች ሹሞች ተመረጡ። ሰው ማዘዝ ለምደዋል፤ አዲስ መማር የነበረባቸው የሕግን ሥራ ነው። ወታደር በአዛዡ ትእዛዝ ይንቀሳቀሳል፤ ኮንስታብል ግን ሰው የሚይዘው ሕግ ለራሱ በሰጠው ሥልጣን ነው፤ ስለ ድርጊቱም በፍርድ ቤት ራሱ ይጠየቃል። የ1829ኙ መመሪያም ከሁሉ አስቀድሞ ወንጀልን መከላከልን አዘዘ፤ ኮንስታብሉ በስድብ እንዳይቆጣም አጥብቆ አሳሰበ።

እ.ኤ.አ. በ1839 የወጣው ሕግ አውራጃዎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ሲፈቅድ፣ ከአዲሶቹ አዛዦች ብዙዎቹ የቀድሞ መኮንኖች ሆኑ። ከሠራዊት ወደ ፖሊስ የሚወስደው መንገድ በዚህ ጸና፤ ወታደሩ ሥርዓቱን ይዞ፣ ጠመንጃውን ትቶ፣ ለሕግ ተጠያቂ ሆኖ የሚገባበት መንገድ ነበር።