ባለቤት ያለው ቃል

በመስቃን ምድር በምትገኘው በእንሴኖ፣ እንደ ሌላው የጉራጌ አገር ሁሉ፣ ሰው ከሰው ሲጣላ ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ይታያል። የሰባት ቤት ጉራጌም ቂጫ የተባለውን ሕግ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቃል እያስተላለፈ በየጆካ ሸንጎ ሲዳኝበት ኖሯል። በዚህ ሥርዓት ተናጋሪው በሕዝብ ፊት ይቆማል፤ ቃሉ ባለቤት አለው፤ ቢያጠፋም የሚጠየቀው ራሱ ነው።

የኅትመት ዘመን ሲመጣ ጽሑፍ ለአንባቢ ከመድረሱ በፊት በመርማሪ እጅ ማለፍ ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርንና የጋዜጣን ነፃነት ቢያውጅም ሳንሱር አልቀረም፤ በደርግም ዘመን ቀጠለ። ቅድመ ምርመራን የሻረው አዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ይህንኑ አጸና። ሆኖም ያው አንቀጽ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግር በሕግ እንዲገደብ ይፈቅዳል።

የማኅበራዊ መገናኛው ዘመን ግን ባለቤቱ የማይታይ ቃል ይዞ መጣ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ብሂል ዛሬ በደቂቃዎች ይፈጸማል። በ2011 ዓ.ም. መስቃንንና ማረቆን ያወከው ግጭት የጎረቤት ሰላም ሲናጋ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለእንሴኖ አሳይቷል፤ በመሆኑም የቃል ኃላፊነት ለአካባቢው ሕዝብ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አጥፊውን በእስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል፤ ኩባንያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ያዛል። በአንፃሩ የትምህርት ምርምርን፣ የፖለቲካ ሂስንና የኪነ ጥበብ ሥራን ከጥላቻ ንግግር ይለያል።

ኩባንያው ግን ከአገር ውጭ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አንድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ስማቸው በፌስቡክ በጥላቻ ከተነሣ በኋላ ተገደሉ። ልጃቸው ጥቆማ ብሰጥም በጊዜው ሰሚ አላገኘሁም በማለት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር ሆኖ ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም ክሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወሰነ።

መንግሥት በበኩሉ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔትን ለሳምንታት አቋረጠ፤ ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የማኅበራዊ መገናኛዎች ለአምስት ወራት ያህል ታገዱ። በእንዲህ ያለው እርምጃ ጥላቻን የሚዘራውና ዘመዱን የሚጠይቀው፣ አጥፊውና መምህሩ አብረው ዝም ይላሉ።

ሸንጎ አንድ ሰው ስላጠፋ የሁሉን አፍ አይዘጋም፤ አጥፊውን በስሙ ይጠራል እንጂ። ከሕግም ሆነ ከኩባንያ የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ቃሉን ከባለቤቱ ማገናኘት፣ ንጹሑንም መናገሪያ አለመንፈግ።