ቁጥር እንዴት ይዘፍናል?

ለመሆኑ ዘፈን የሚቀመጠው የት ነው? የሸክላ ዘመን ሰው ይህን ቢጠየቅ ጣቱን ወደ ጥቁሩ ሸክላ ይቀስር ነበር፤ መርፌዋ የምትጓዝበት ቦይ በዐይን ይታያልና። የካሴት ዘመን ሰውም ቡናማውን ክር ያሳያል። ዛሬ አዳማ ውስጥ ከአንዲት ሱቅ ፍላሹን በዘፈን አስሞልቶ የሚወጣ ወጣት ግን በኪሱ የያዘው የቁጥር ክምር ነው። ቁጥር ደግሞ በራሱ ትንፍሽ አይልም። ቁጥሩን መልሶ ድምፅ ማጉያ ወደሚገባው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ አነስተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች «ዲጂታል ቱ አናሎግ ኮንቨርተር» ይሉታል፤ ሲያሳጥሩት «ዳክ»። በስልካችን፣ በዴካችን፣ በባጃጁ ቴፕ ውስጥ ሁሉ አለ። በየቀኑ እንሰማበታለን፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ይህ መሣሪያ በቤት ውስጥ፣ በእጅ ሊሠራ ይችላል። መሥራቱ ምን ይጠቅማል የሚለውን ለመመለስ ግን የራሳችን ድምፅ እስከ ዛሬ በማን እጅ እንዳለፈ ማየት ያሻል።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመን አውቶሞቢል መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹትም እዚያው ጀርመን ሳሉ ነው። ከኢትዮጵያውያን መካከል ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያው ሰው፣ እንግዲህ፣ የሞተር ተማሪ ነበሩ ማለት ነው። ዘፈንና የእጅ ሙያ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ነበር፤ ሸክላው ግን የተሠራው ባዕድ አገር ነው።

ከ60 ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን ወጣቱ አምሃ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ የታተሙት ሕንድ አገር ነበር። እነዚያ ድምፆች በ1990ዎቹ ማብቂያ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ወደ ቁጥር ሲለወጡ ደግሞ ሥራው የተሠራው በፈረንሳይ ነው። አንጋፋው ዓሊ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው አልበም በኦሮምኛ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ዓሊ የድሬዳዋ ልጅ ቢሆንም ሕይወቱ ያለፈችው በአዳማ ነው፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.። የዓሊ ዘፈን ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ሲሻገር አድማጩ አብሮ ተሻግሯል። በየሽግግሩ ግን ማሽኑ ከውጭ ታሽጎ ይመጣ ነበር።

በካሴት ዘመን አንድ ጉዳት ነበር። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ፣ የተገለበጠውም እንደገና ሲገለበጥ፣ ዘፋኙ እየራቀ ሹክሹክታው እየቀረበ ይሄዳል። በዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሙቀትና አቧራ ሲታከልበት ክሩ ይጎሳቆላል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሪስ ሆኖ ያሰበው ስለዚሁ ዓይነት ችግር ነው። የሪቭስ ጭንቀት የስልክ መስመር ነበር። በረጅም መስመር ላይ ድምፁ በየጣቢያው በጎላ ቁጥር ጩኸቱም አብሮ ይጎላል። ሪቭስ ታዲያ ድምፁን ራሱን ከመላክ ይልቅ የድምፁን ልክ በየቅጽበቱ እየለኩ ቁጥሩን መላክ ይሻላል አለ። ቁጥር ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ቁጥር ነውና።

ሐሳቡ ወደ ሰው ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ1982 ፊሊፕስና ሶኒ ሲዲን ለገበያ ሲያቀርቡ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ይሰማል። ይህን ለመያዝ ልኬቱ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ሲዲ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱም ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። ለግራና ለቀኝ ድምፅ ሲሰላ በየሴኮንዱ 1,411,200 የዜሮና የአንድ ምልክቶች ይፈሳሉ ማለት ነው።

ዳክ ይህን ጎርፍ እንዴት ወደ ድምፅ ይመልሰዋል? አሠራሩ የመቂና የባቱ ሽንኩርት ነጋዴ ከሚያውቀው ሚዛን አይርቅም። ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 4 እና ባለ 8 ኪሎ መዝኛ ብቻ ያለው ነጋዴ ከ1 እስከ 15 ኪሎ ያለውን ማንኛውንም ሙሉ ክብደት ይመዝናል። አሥራ አንድ ኪሎ ሲፈልግ 8፣ 2 እና 1ን ይጭናል። ዳክም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ መዝኛ ከፊተኛው እጥፍ ነው፤ «አንድ» የሚለው ምልክት «ጫን»፣ «ዜሮ» የሚለው «ተው» ማለት ነው። በኪሎ ፋንታ የሚደመረው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ መዝኛዎቹም እንደ መሰላል የተያያዙ ሬዚስተሮች ናቸው። ይህ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ሲደጋገም መዝኛው ሲነሣና ሲጫን ሞገድ ይሠራል፤ ሞገዱም ይዘፍናል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ኮቮክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከኮምፒውተር የፕሪንተር መሰኪያ ላይ የሚሰካ ባለ ስምንት መዝኛ ዳክ ይሸጥ ነበር። ውስጡ ሲከፈት ከሬዚስተሮች ያለፈ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረበትም። ይህን ያዩ የምሥራቅ አውሮፓ ወጣቶች ዕቃውን ለመግዛት ዶላር ከመፈለግ ይልቅ ራሳቸው እየበየዱ ሠሩት። የሚፈለገው 16 ሬዚስተር ነው፤ ዘጠኙ ባለ 20 ኪሎ ኦም፣ ሰባቱ ባለ 10። ከዚያ ሞገዱን የሚያለሰልስ አንድ ካፓሲተር፣ ጥቂት ሽቦና መበየጃ። የፕሪንተር መሰኪያ ያለው ያረጀ ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ይህን ዛሬም ሊሠራው ይችላል።

ታዲያ ስምንት መዝኛ ከተቻለ ለምን 16 አይሠራም? እዚህ ላይ ነው የነገሩ ጭብጥ ያለው። በየሱቁ የሚገኝ ጥሩ ሬዚስተር ከተጻፈበት ልክ በመቶ አንድ እጅ ሊዛነፍ ይችላል። በስምንቱ ሚዛን ትልቁ መዝኛ 128 ነው፤ አንድ በመቶው ከ1 ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ይቻላል። በ16ቱ ግን ትልቁ መዝኛ 32,768 ስለሆነ ስሕተቱ 328 ይሆናል። ስምንቱ ትንንሽ መዝኛዎች በሙሉ ቢደመሩ 255 ብቻ ናቸው። ትልቁ ሲሳሳት ትንንሾቹ ባይኖሩም ያው ነው። ፊሊፕስ እንኳ በ1982 በመጀመሪያው የሲዲ ማጫወቻው ያቀረበው ባለ 14 መዝኛ ዳክ ነበር፤ ጉድለቱን ያካካሰው ልኬቱን በአራት እጥፍ በማፍጠን ነው። ወንጂን ስኳር ያስመረቱት ሆላንዶች ወገን የሆነ ያ ግዙፍ ኩባንያ የተቸገረበትን በካውያ ብቻ አንወጣውም።

መንገዱ ግን አልተዘጋም። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ ጠጋኞች ጥግ ላይ የተጣለ የሲዲ ዴክ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ሌንሱ ወይም ሞተሩ ነው፤ ዳኩ ግን በጤናው ይቀመጣል። ለምሳሌ ቲዲኤ 1543 የምትባለው የፊሊፕስ ቺፕ ስምንት እግር ያላት፣ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ሁሉንም 16 መዝኛዎች የያዘች ናት። በ1990ዎቹ ጃፓናዊው ርዮሄይ ኩሱኖኪ በእንዲህ ዓይነት ቺፕ ቀላል ዳክ ስለመሥራት በአንድ የቴክኒክ መጽሔት ላይ ከጻፈ ወዲህ በብዙ አገር በየቤቱ የሚሠሩት በዝተዋል። ኃይሏ 5 ቮልት ነው። ከግድግዳው መብራት ጋር የሚመጣውን ጉርምርምታ የፈራ ሰው ከባጃጅ ባትሪ 12 ቮልት ወስዶ በ7805 ወደ 5 ያወርደዋል። እርግጥ ነው፣ ከቺፗ በፊት ከፍላሹ የሚመጣውን ፋይል አንብቦ በሥርዓት የሚያቀብል ሌላ ክፍል ያስፈልጋል፤ እሱም ከዚያው ከተጣለ ዕቃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

እውነቱን እንናገር፤ በእጅ የተሠራ ዳክ ከዘመናዊ ስልክ ዳክ የበለጠ ያሰማል ብሎ ማንንም ማሞኘት አይገባም። የተጣለውንም ድምፅ አይመልስም። በየፍላሹ የሚዞረው ኤምፒ3 በተለመደው 128 ሺህ ልክ ከሆነ፣ ከሲዲው ቁጥር የቀረው 11ኛው እጅ ያህል ነው፤ የቀረውን የትኛውም መሣሪያ አይፈጥረውም። የዓሊንና የዘመን ጓደኞቹን ካሴቶች ወደ ቁጥር የሚገለብጡ ሱቆች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው፤ ሳይጨመቅ የተቀመጠ ቁጥር ነገ የተሻለ ዳክ ሲያገኝ የተሻለ ይዘፍናል።

ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። የሬዲዮ ዘመን ጠጋኝ ክዳኑን ከፍቶ የትኛው ዕቃ ምን እንደሚሠራ በጣቱ ያሳይ ነበር፤ ልጆችም ከጎኑ ቆመው ይማሩ ነበር። የዛሬው ዕቃ ሲበላሽ ይጣላል፤ የሚያስተምረው ነገርም አብሮት ይጣላል። አዳማ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። የትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 16 ሬዚስተርና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አያጣም። አንድ ተማሪ በዚያ መሰላል ላይ የአገሩን ዘፈን፣ ሻካራም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ ቢያሰማ ቁጥር እንዴት ድምፅ እንደሚሆን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳም። ተሰማ እሸቴ ሞተር ሊማሩ ሄደው ድምፃቸውን ባዕድ አገር አስቀርጸው ተመለሱ። የእኛ ልጅ ይህን ለመማር ከአዳማ መውጣት አያስፈልገውም፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህ ነው።