በጁባ የጥንት የጌም ኮንሶሎችና የቤት ኮምፒውተሮች ለምን ብርቅ ሆኑ?

በለንደን ወይም በቶኪዮ የሚኖር ሰው በ1980ዎቹ የተሠራ ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር ልግዛ ብሎ ቢነሳ፣ የሚያሳስበው የዕቃው ዋጋና ይዞታ እንጂ መገኘቱ አይደለም። ከዚህ ሞዴል ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ስለሚገመት፣ በየምድር ቤቱና በየጣሪያው ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ዛሬም ወደ ገበያ ይወጣል። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኮኞ ኮኞም ሆነ በከስተም ገበያ የተሰባበሩ ስልኮችን የሚጠግኑ፣ የሞቱ ባትሪዎችን የሚያነቁ ባለሙያዎች ሞልተዋል። እንዲህ ያለ ማሽን ግን በእጃቸው የመግባቱ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

አንድን ዕቃ ብርቅ የሚያደርጉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ጥቂት ብቻ ስለተሠራ ብርቅ የሚሆን አለ። ብዙ ተሠርቶ ስለተጣለ ብርቅ የሚሆንም አለ። የጁባው ከሁለቱም ይለያል፤ ዕቃው በሚመረትባቸው ዓመታት ወደ ከተማዋ የሚገባበት በር ተዘግቶ ነበር።

ሁለት የዘመን አቆጣጠሮች

የቤት ኮምፒውተሮችና የጌም ኮንሶሎች ታሪክ ከደቡብ ሱዳን የጦርነት ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ መገጣጠሙ ያስገርማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የብሪታኒያው ዜድኤክስ ስፔክትረም በሚያዝያ 1982 በ125 ፓውንድ መነሻ ዋጋ ለገበያ ቀረበ። ኮሞዶር 64 በዚያው ዓመት ነሐሴ በ595 ዶላር ተከተለ። ግንቦት 16 ቀን 1983 በቦር የሠፈሩ ወታደሮች አመፁ፤ ሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነትም ተጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1983፣ የጃፓኑ ኒንቴንዶ በኋላ ዓለምን ያዳረሰውን ፋሚኮም የተባለ ኮንሶሉን በአገሩ መሸጥ ጀመረ።

ጦርነቱ እስከ ጥር 2005 የሰላም ስምምነት ድረስ ዘለቀ። በእነዚያ 22 ዓመታት የዓለም ልጆች ከፋሚኮም ወደ ሴጋ፣ ከሴጋ ወደ ፕሌይስቴሽን፣ ከዚያም ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ተሸጋገሩ። ጁባ ደግሞ የካርቱም መንግሥት ጦር የሠፈረባት፣ ዙሪያዋን በአማፅያን የተከበበች ከተማ ነበረች። በ1992 የሱዳን ሕዝቦች ነጻነት ጦር (ኤስፒኤልኤ) ከተማዋን ለመያዝ በሰኔና በሐምሌ ሁለት ጊዜ ማጥቃት አካሂዶ ሳይሳካለት ቀርቷል። እህልና መድኃኒት ይገባ የነበረው በአብዛኛው በአውሮፕላንና በነጭ ዓባይ ላይ በሚጓዙ ጀልባዎች ነበር። በእንዲህ ያለ ጭነት ውስጥ ለመጫወቻ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

በተመሳሳይ ዘመን በአረቡ ዓለም አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር እየተካሄደ ነበር። ሳክር የተባለው የኩዌት ድርጅት ኤምኤስኤክስ በተሰኘው የጃፓን ደረጃ የተሠሩ ኮምፒውተሮችን የአረብኛ ቁልፍ ሰሌዳና የአረብኛ ፕሮግራም ገጥሞላቸው ይሸጥ ነበር። ዛሬ በአረብ አገራት አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰበስቡ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ሳክርን ነው። ሕፃን ሳሉ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ በራሳቸው ቋንቋ የጻፉበት ማሽን ነውና። በጦርነት ውስጥ ለነበረው የሱዳን ደቡብ ግን ይህም የሩቅ ወሬ ነበር።

ዋጋና ብርቅነት አንድ አይደሉም

በሌላው ዓለም የጥንት ማሽኖች ጨረታ የሚያስደነግጥ ደረጃ ደርሷል። ስቲቭ ዎዝኒያክና ስቲቭ ጆብስ በ1976 ያወጡት አፕል 1 ወደ 200 ገደማ ብቻ ተሠርቶ በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ2014 በ905 ሺህ ዶላር ተሽጦ የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ንብረት ሆኗል። ሶኒና ኒንቴንዶ ሳይለያዩ በፊት በጋራ የጀመሩትና ለገበያ ሳይቀርብ የቀረ ኮንሶል ናሙና ደግሞ በመጋቢት 2020 በ360 ሺህ ዶላር ተጫርቷል። በ1990 የኒንቴንዶ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ለደረሱ ተጫዋቾች የተሰጡት ግራጫ የጨዋታ ካርትሪጆች 90 ብቻ ነበሩ፤ በወርቃማ ቀለም የተሠሩት ደግሞ 26።

እነዚህ በእርግጥም ብርቅ ናቸው። በሐምሌ 2021 በ1 ነጥብ 56 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ሱፐር ማሪዮ 64 ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጨዋታው ከ11 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የተሸጠለት፣ በየአሮጌ ዕቃ ቤቱ የሚገኝ ነው። ገዢው ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ማንም ስላልከፈተው ካርቶን ነው። አንድም ልጅ ያልተጫወተበት ጨዋታ ከተጫወቱበት ሁሉ በልጦ መገኘቱ፣ ገበያው የሚለካው ነገር ከጨዋታው ፋይዳ ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል።

ጁባ ምን ደረሳት?

ከ2005 በኋላ መንገዶች ተከፈቱ። በአሜሪካ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተሠራውና ጁባን ከኡጋንዳ ድንበር ጋር የሚያገናኘው የ192 ኪሎ ሜትር የኒሙሌ አስፋልት በ2012 ተጠናቀቀ፤ ለከተማዋም ዋነኛ የሸቀጥ መግቢያ ሆነ። ኡጋንዳውያን፣ ኬንያውያን፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችም ጎረፉ። ኢትዮጵያውያን በተለይ በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ በጁባ የታወቁ ናቸው።

በዚያን ጊዜ በገበያ የነበረው ግን የ1980ዎቹ ማሽን አልነበረም። በዚህ ክፍለ አህጉር እንደ ጥንታዊ ኮንሶል ሊቆጠር የሚገባው ፕሌይስቴሽን 2 ነው። በ2000 የወጣው ይህ ማሽን ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠለት፣ ከአዲስ አበባ እስከ ካምፓላ በየሰፈሩ ጌም ቤቶች በደቂቃ ወይም በጨዋታ እየተከፈለበት የኖረ ነው። ሶኒ ምርቱን ያቆመው በጥር 2013፣ ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካወጀች ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 ከተዘጋጁት የመጨረሻ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው የእግር ኳስ ጨዋታ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ወጣ። በታኅሣሥ 2013 አጋማሽ ደግሞ በጁባ ተኩስ ተከፈተ፤ አዲሲቱ አገር ወደ ሌላ ጦርነት ገባች።

ኮምፒውተርን በተመለከተ፣ በአካባቢው ያሉት አሮጌዎቹ በአብዛኛው የእርዳታ ድርጅቶች ይዘዋቸው የመጡ ወይም ከአውሮፓ ቢሮዎች ተሰብስበው ታድሰው የተላኩ ናቸው። በለንደን የተመሠረተው ኮምፒውተር ኤይድ ኢንተርናሽናል ወይም በኢትዮጵያም የሚሠራው የአየርላንዱ ካማራ ለአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ያደረሷቸው የዚህ ዓይነት ናቸው። ማንም ሰብሳቢ ዞር ብሎ የማያያቸው እነዚህ ግራጫ የቢሮ ሳጥኖች ለአንድ ትውልድ የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ሲበላሹም የሚጠብቃቸው ቆሻሻ መጣያ እንጂ የሙዚየም መደርደሪያ አይደለም።

ሙቀት፣ አቧራና ጄኔሬተር

አንድ ሰብሳቢ ዛሬ ኮሞዶር 64 ወይም ፋሚኮም ይዞ ጁባ ቢገባ ማሽኑን ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆንበታል።

በአሮጌ ማሽኖች ውስጥ ቀድሞ የሚሞተው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ነው። ይህ ትንሽ በርሜል መሰል አካል በውስጡ ፈሳሽ አለው፤ ፈሳሹ ሲደርቅ ማሽኑ ይታመማል፣ ሲያፈስ ደግሞ የሰሌዳውን የመዳብ መስመር ይበላል። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያዎች የሚከተሉት አንድ ግምታዊ ሕግ አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። በመጋቢት 2024 የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል በሚል ትምህርት ቤቶችን በሙሉ መዝጋቱን ልብ ይሏል። በእንዲህ ያለ ሰሞን በቆርቆሮ ክዳን ሥር የተቀመጠ ማሽን ምን እንደሚገጥመው መገመት አይከብድም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ጁባ ለዓመታት የኖረችው በየግቢው በሚያጓሩ ጄኔሬተሮች ነበር። በኅዳር 2019 በናፍጣ የሚሠራ 33 ሜጋ ዋት ማመንጫ ተመርቆ የከተማው መስመር እንደገና ሥራ ቢጀምርም መብራት ሁሉንም አላዳረሰም። ከፍ ዝቅ የሚል ኃይል ለማንኛውም ዕቃ ጠላት ነው፤ ለኮሞዶር 64 ግን የከፋ ነው። የዚህ ኮምፒውተር ኃይል መቀየሪያ ሲያረጅ ከሚገባው 5 ቮልት በላይ እየላከ የማስታወሻ ቺፖችን በማቃጠል የታወቀ ነው። ልምድ ያለው ሰብሳቢ መቀየሪያውን በአዲስ ሳይተካ ማሽኑን አይሰካም።

ቴሌቪዥኑም አለ። እነዚህ ማሽኖች የተሠሩት ከኋላቸው ጎበጥ ላሉት አሮጌ ቴሌቪዥኖች ነው። በኒንቴንዶ ሽጉጥ ዳክዬ የሚመታበት ጨዋታ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ጨርሶ አይሠራም፤ ሽጉጡ የሚያነበው የአሮጌውን ስክሪን የብርሃን ብልጭታ ነውና። ጎባጣዎቹ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከገበያ እየጠፉ ነው። ኮንሶሉ ተርፎ የሚታይበት መስኮት የጠፋበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚበረታው ካርትሪጁ ነው። ጨዋታው በቺፕ ላይ ስለተጻፈ አቧራው ሲጠረግ ከ40 ዓመት በኋላም ብዙውን ጊዜ ይነሳል። የሚጠፋው ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ የሚያስቀምጠው ትንሽ ባትሪ ሲያልቅ የተቀመጠው ውጤት ነው።

ኮምፒውተርን ወረፋ ላይ ያየው ልጅ

የደቡብ ሱዳን የጌም ታሪክ አሮጌ ማሽን ባይኖረውም ሰው አለው። ሉዋል ማየን ቤተሰቡ ጦርነት ሸሽቶ ሲጓዝ በመንገድ ላይ የተወለደ፣ በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ሠፈር ያደገ ነው። ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በ2007 በስደተኞች ምዝገባ ወቅት ነበር። እናቱ ለሦስት ዓመት አጠራቅመው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት። በሠፈሩ መብራት ስላልነበረ ቻርጅ ለማድረግ ሦስት ሰዓት ያህል በእግሩ ይጓዝ ነበር። ፕሮግራም መጻፍን ለራሱ አስተማረ። ከዚያም «ሰላም» የተባለ፣ ስደተኛን ከጥቃት እያስመለጡ ውሃ፣ ምግብና መድኃኒት ማቅረብን የሚጠይቅ ጨዋታ ሠራ። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ጁኑብ ጌምስ የተባለ ድርጅት አቋቋመ፤ «ጁኑብ» በአረብኛ ደቡብ ማለት ነው። በ2018 በዓለም አቀፉ የጌም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ ዕውቅና ካገኙት አንዱ ነበር።

ከሙዚየም አንጻር ከታየ፣ ያ የ300 ዶላር ላፕቶፕ በሚሊዮን ከተሸጠው የማሪዮ ካርቶን ይልቅ ሊቀመጥ የሚገባው ነው።

የእኛም ፍሎፒዎች

ጉዳዩ የኮንሶል ሰብሳቢዎች ብቻ አይደለም፤ የአማርኛ አንባቢንም ይነካል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እነ ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ ፈር ቀዳጆች የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን ሲሠሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለ«ሀ» የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ቢሮዎችና በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ የመጽሐፍ ረቂቆችና መጽሔቶች በፍሎፒ ዲስክ ላይ ቀርተዋል። እነርሱን ለማንበብ ዲስኩ ብቻ አይበቃም፤ ዲስኩን የሚያነብ ድራይቭ፣ ፕሮግራሙ የሚነሳበት ኮምፒውተርና ፊደሉ ራሱ ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጽሑፉ እያለ የለም። ፍሎፒ ደግሞ ማግኔት ነው፤ በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል። በቤቱ እንዲህ ያለ ዲስክ ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር ቢያስገለብጠው መልካም ነው።

ማሽኑ ሲጠፋ

ማሽኑ ባይገኝም ጨዋታውን በሌላ ማሽን ላይ የሚያስነሱ አስመሳይ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህ የታወቀው ማሜ ከ1997 ጀምሮ የጌም ቤት ማሽኖችን ሲያስመስል ቆይቷል። ዛሬ ተራ የእጅ ስልክ የፋሚኮምን ጨዋታ ያለችግር ያስነሳል። ሕጉ ግን ጠባብ ነው። የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከወጡ ጥንታዊ ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ለሽያጭ አይቀርቡም። በጥቅምት 2024 ደግሞ የአገሪቱ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ያስቀመጧቸውን ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያሳዩ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም። ስለዚህ አንድ የጁባ ተመራማሪ እነዚህን ጨዋታዎች በሕጋዊ መንገድ ማየት ቢፈልግ ወደ ኒው ዮርክ ግዛቷ ሮችስተር ከተማ፣ የስትሮንግ ሙዚየም ወዳለበት፣ በአካል መሄድ ሊኖርበት ይችላል።

ጁባ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ቅርስ ቅርብ የሆነው ተቋም የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ከሰላም ስምምነቱ በኋላ ለዓመታት የቅኝ አገዛዝ ዘመንና የኋለኛው አስተዳደር ሰነዶች በከተማዋ በአንድ ድንኳን ውስጥ፣ በሙቀትና በምስጥ መካከል ተከምረው ነበር። ሰነዶቹ ከሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት ጋር በተሠራ ሥራ ተለይተው በዲጂታል መልክ መቀመጥ ጀምረዋል። እነርሱም አሁን የሚነበቡት በኮምፒውተር ነው።