የጭቃ መንገድና የካሚዮን ሞተር፤ ስለ ካምሻፍት አመራረጥ ታሪካዊ ጥናት

ወደ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም የሚወስደውን ዳገት በነሐሴ ወር የወጣ ሰው፣ ሞተር ከጭቃ ጋር ስለሚያደርገው ትግል ብዙ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ድንጋይ የጫነ ካሚዮን አስፋልቱን ለቆ ወደ መንደሩ ውስጥ ሲታጠፍ፣ ሾፌሩ ነዳጅ በጨመረ ቍጥር ሞተሩ ይጮኻል፤ የኋላ ጎማዎቹ ባዷቸውን ይሽከረከራሉ፤ መኪናው ግን ካለበት አይነቃነቅም። በዚያው ቦታ ሌላ፣ ምናልባትም ይበልጥ ያረጀ ካሚዮን ድምፁን ሳያሰማ በመጀመሪያ ማርሽ እየጐተተ ሲያልፍ ይታያል። ለዚህ ልዩነት የጎማው ዐይነት፣ የጭነቱ ልክና የሾፌሩ ብልኀት ምክንያት መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን አንዱ ምክንያት በሞተሩ ሆድ ውስጥ የተሸሸገ ነው፤ እርሱም ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ነው። ይህ ጥናት በአገራችን መንገድ ላይ ያለፈው የሞተር ታሪክ ስለዚህ ዘንግ አመራረጥ ምን እንደሚያስተምር ለመመርመር የተዘጋጀ ነው።

ከታሪኩ በፊት ስለ ዕቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ካምሻፍት በላዩ እንቍላል መሳይ ጕብታዎች ያሉበት ዘንግ ነው። ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ጕብታዎቹም በየተራቸው ቫልቮቹን እየገፉ ይከፍታሉ። አየር የሚገባበትና ጢስ የሚወጣበት ሰዓት የሚወሰነው እንግዲህ በእነዚህ ጕብታዎች ቅርጽ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ፒስቶኑ ታች ደርሶ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላም ቫልቩ ጥቂት ተከፍቶ ይቆያል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የሚገባው አየር በግስጋሴው ስለሚቀጥል ዘግይቶ መዘጋቱ ይጠቅማል፤ ሲሊንደሩ ይበልጥ ይሞላል። በዝግታ ሲዞር ግን አየሩ ግስጋሴ ስለሌለው ወደ ላይ የሚመጣው ፒስቶን የገባውን መልሶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ለሩጫ የተቀረጸ ካምሻፍት በጭቃ ውስጥ፣ ሞተሩ ሊታፈን በተቃረበበት ሰዓት፣ ጌታውን ይከዳል። ለጭነት የተቀረጸው ደግሞ በሜዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። አንድ ጕብታ ለሁለቱም ጌቶች በእኩልነት ሊገዛ አይችልም።

ወደ አገራችን የገባው የመጀመሪያው የመንገድ ሞተር ቤንዚን የሚጠጣ አልነበረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው የመንገድ መዳመጫ በእንፋሎት የሚሠራ ነበር። የእንፋሎት ሞተር ገና ከመነሻው፣ ሳይዞር ቆሞ ሳለ፣ ሙሉ ጉልበቱን መስጠት ይችላል። የቤንዚን ሞተር ይህ ጸጋ ስለሌለው ነው ማርሽና ፍሪሲዮን ያስፈለጉት።

አውቶሞቢል የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ሲድሌ የተባለች መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገባ፤ በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጣ። የምድር ባቡሩ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፣ የቀረውን አገር መኪኖቹ ያቋረጡት በሲራራ መንገድ ነው። የዚያ ዘመን ሞተሮች ዝግተኛ ነበሩ፤ በብዙዎቹ የጥንት ሞተሮችም የማስገቢያውን ቫልቭ የሚከፍት ካም አልነበረም፤ ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ በሚፈጥረው መሳብ ብቻ ይከፈት ነበር። እንዲህ ያለው ሞተር መሮጥ አይሆንለትም፤ ዳር ዳሩን እያሉ በዳገት ለሚነዱት ግን አይከፋም ነበር።

ትልቁ ፈተና የደረሰው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ጦር ከ1,500 በሚበልጡ መኪኖች ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ዝናብ ያዘው። ጣርማ በር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ስላፈረሱት፣ ያ ሁሉ ሞተር በጭቃ ውስጥ ተገትሮ ወታደሩ በአካፋና በእጁ መንገድ ሲሠራ ሰነበተ። ከተማይቱ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። የአውሮፓ ጋዜጦች የሞተርን ድል አድርገው ያወሩለት ጕዞ ይህ ነበር። ጕዞውን በቅርብ ለሚመረምረው ግን ሞተር ያለ አካፋ ምን ያህል እንደሚራመድ የታየበት ነው።

በዚያ ዘመቻ ከተሰለፉት ካሚዮኖች ሁለቱን ማነጻጸር ለጉዳያችን ይጠቅማል። ፊያት 634 በናፍጣ የሚሠራ፣ ስድስት ሲሊንደርና ከ8 ሊትር በላይ ይዘት ያለው፣ በደቂቃ 1,700 ዙር ላይ 75 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነበር። በዚያው ዘመን የነበረው ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ፎርድ ይዘቱ 3 ሊትር ተኩል ያህል ሆኖ በ3,800 ዙር 85 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። የፈረስ ጉልበቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ፎርድን ይመርጣል። ነገር ግን የፈረስ ጉልበቱን በ716 አብዝተን በዙሩ ብናካፍለው ዘንጉን የሚጠመዝዘው ኃይል በኪሎግራም ሜትር ይገኛል፤ በዚህም ስሌት ፊያት ወደ 32፣ ፎርድ ደግሞ 16 ያህል ይደርሳቸዋል። በቍጥር የሚያንሰው በመሳብ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከካምሻፍቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የሲሊንደሩ ስፋትና የናፍጣው ጠባይ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ሆኖም ከ1,700 ዙር በላይ ለማይሄድ ሞተር ካሙን የሚቀርጸው መሐንዲስ ቫልቩን ቀደም አድርጎ ለመዝጋት ነፃነት አለው። ደግሞም ለፎርድ ፍርድ እንዳናጎድል፣ እርሱ ቀላል ስለ ነበረ ከባዱ ፊያት በሚሰምጥበት ረግረግ ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር። ጭቃ የሚጠይቀው ጉልበትን ብቻ ሳይሆን ክብደትንም ነው።

በዚያው ሰልፍ ካምሻፍትን ጨርሶ ለቫልቭ የማይፈልግ ካሚዮንም ነበረበት። ላንቺያ ሮ በጀርመኑ ዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነበረው፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስቶኖች ፊት ለፊት እየተገናኙ፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀደዱትን ቀዳዳዎች ራሳቸው ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። የአየሩ መግቢያ ሰዓት በብረቱ ላይ ለዘለዓለም ስለ ተቈረጠ፣ ከፋብሪካው ውጭ የሚለውጠው ሰው አልነበረም።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ካሚዮኖቹ ቀሩ። 634 በሾፌሮቻችን አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ለብዙ ዓመታት ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል፤ ከእርሱም በኋላ «ኤንትሬ» የተባለው ፊያት 682 ቦታውን ወርሷል። ይኸኛው ይዘቱ ከ10 ሊትር ተኩል የሚያልፍ ሲሆን ዙሩ ወደ 1,900 ገደማ የሚቆም ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዶቹ እየተሻሻሉ ሲሄዱም ገበሬው ካለበት ወደ ዋናው ጎዳና የሚያደርሰው ጥርጊያ መንገድ ያው ጭቃ ነበር። እህል በክረምት የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን መርሳት አይገባም። ሾፌሮች ኤንትሬን የወደዱት ስለ ፍጥነቱ አልነበረም። ከሞተሩ ዝግታ ጋር ስለ ተስማሙ ነው።

አሁን ወደ ቀጨኔ ዳገት እንመለስ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያላነሰ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ መንፊያ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ገና ሳይነሣ ያጣል። ባሕር ዳር ቆመው ካታሎግ የሚጽፉት ሰዎች ይህን አይነግሩንም። ከዚህ ላይ ዘግይቶ የሚዘጋ ካምሻፍት ቢጨመርበት፣ ቀድሞውንም የሳሳው አየር በዝግታ ጊዜ ተመልሶ ስለሚወጣ ጉድለቱ እጥፍ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ለአገራችን ደጋ ካሚዮን የማስገቢያውን ቫልቭ ፒስቶኑ ታች ከደረሰ በኋላ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ የሚዘጋ፣ ሁለቱ ቫልቮች አብረው የሚከፈቱበት ጊዜም አጭር የሆነ ካምሻፍት ይስማማዋል። የመጭመቂያው ልክና የማርሹ ጥርስ ከዚሁ ጋር መታየት አለባቸው፤ ካምሻፍትን ብቻውን መለወጥ ለአንድ እግር ብቻ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

በዚህ አስተያየት የማይስማሙ አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። በአሜሪካ ለጭቃ ውድድር መኪና የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙዎቹ በከፍተኛ ዙር የሚሠራ ካምሻፍት ይመርጣሉ፤ ጎማው በፍጥነት ካልተሽከረከረ በጥርሶቹ መካከል የተጣበቀውን ጭቃ ወርውሮ አያራግፈውም ይላሉ። በጥቁር አፈር ላይ የነዳ ሰው ይህን ያውቃል፤ መረሬ አፈር ጎማውን እንደ ሊጥ ለብጦ ልሙጥ ያደርገዋል። ግን የእነርሱ መኪና ባዶ ነው፤ መንገዱም የመቶ ሜትር ያህል ነው፤ ሞተሩ ቢሰበር ሌላ ይገባለታል። አምሳ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ጥርጊያ መንገድ ላይ የሚያድር ሾፌር ግን የሚከራከረው ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከነገው ዝናብ ጋር ነው።

በመጨረሻ ስለ ብረቱ ራሱ። የካም ጕብታ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን የማይሰበር መሆን አለበት፤ ይህም በቀዝቃዛ ቅርጽ ላይ ብረት በማፍሰስ ወይም የብረቱን ገጽ ከከሰል ጋር አግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ በመንከር የሚገኝ ነው። ሁለተኛው ብልኀት ለቀጨኔ ቀጥቃጭ እንግዳ አይደለም። ከሰሜን ሸዋ መጥተው በዚህ ሰፈር የሰፈሩት ባለ እጆች በወናፍ፣ በመስፍና በጉጠት ሲሠሩ ማረሻውንና ቢላውን በእሳትና በውሃ ያጠነክሩት ነበር። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት መኪና በገባበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን በአዋጁ አልቆመም። መኪና መንዳት ክብር ሲሆን፣ መኪናው የተሠራበትን ብረት ማግለል ነውር ሆኖ ብዙ ዓመት ቈየ።

የተሰበረ ካሚዮን ባሌስትራ በአገራችን ቀጥቃጮች እጅ ቢላና ማጭድ ሲሆን የታየ ነገር ነው። ፈስሶ የተሠራ ካምሻፍት ግን ወደ እሳቱ አይገባም፤ በመዶሻ ሲመታ ስለሚሰባበር፣ ባለ እጁ አንድ ጊዜ ኳኳ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ ወደ ጎን ይጥለዋል።