የዶክተር ጄኪል ጨውና የቀጥቃጩ ጅብ

ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከመሐንዲሶች ቤት የተወለደ ሰው ነበር። አያቱም አባቱም የባሕር መብራት ማማዎችን በመሥራት የታወቁ ሲሆኑ፣ እርሱም በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 ብልጭ ድርግም ስለሚል የማማ መብራት ያቀረበው ጽሑፍ የብር ሜዳይ አስገኝቶለታል። በዚያው ዓመት ግን፣ አባቱን ቅር እያሰኘ፣ ወደ ሕግ ትምህርት ዞረ። ይሁንና በ1886 ያሳተመው «ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ» የተባለው አጭር አስፈሪ ልብ ወለድ የተተወውን ሙያ የሚያስታውስ አንድ ነጥብ ይዟል።

የተከበረው ሐኪም ጄኪል ራሱ በቀመመው መድኃኒት ሃይድ ወደሚባል ጨካኝ ሰው ይለወጣል። የቅመሙ ጨው ሲያልቅበት ከለንደን መድኃኒት ቤቶች ደጋግሞ ያስመጣል፤ አዲሱ ግን አልሠራ ይላል። በመጨረሻ የሚደርስበት ድምዳሜ፣ ንጹሕ ያልነበረው የመጀመሪያው ጨው ነው፤ ለውጡን ያመጣው በውስጡ የነበረው ያልታወቀ ባዕድ ነገር ነው የሚል ነው። የዕቃውን ናሙና ሳይመረምር፣ ውጤቱ መደገም መቻሉን ሳያረጋግጥ በገዛ አካሉ ላይ የሞከረው ሰው መመለሻ አጣ። የሲሚንቶ ወይም የብረት ጥራት የሚቆጣጠር ባለሙያ ይህን ገጽ ሲያነብ ከሃይድ ይልቅ ጨው ቢያስፈራው አያስገርምም።

ቴአትሩና ሲኒማው ጨዉን ወደ ኋላ ገፍተው ፊትን አስቀደሙ። ተዋናዩ ሪቻርድ ማንስፊልድ በ1887 በቦስተን የጀመረውን ትርኢት በ1888 ወደ ለንደን ወሰደ፤ በተመልካች ዓይን ፊት መልኩን ይለውጥ ነበር። በዚያው ወራት በዋይትቻፕል ሠፈር ሴቶች በተከታታይ ይገደሉ ስለነበር አንድ ሰው ማንስፊልድን ጠርጥሮ ለፖሊስ ጻፈ። ከትወናው በቀር ማስረጃ አልነበረውም።

በ1931 በሩበን ማሙሊያን የተዘጋጀው ፊልም የብርሃን ጥበብን ተጠቀመ። የተዋናዩ የፍሬድሪክ ማርች ፊት በቀይ ቀለም ይቀባል፤ ካሜራው በቀይ ማጣሪያ ሲያይ ቀለሙ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ አይታይም፤ ማጣሪያው ሲለወጥ ጠቁሮ ብቅ ይላል። ምሥጢሩ ለብዙ ዓመታት ሳይገለጥ ቆይቷል። ማርች በዚህ ሥራው የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ሃይዱ ግን ጠጉራም፣ ጥርሰ ገጣጣ፣ ዝንጀሮ መሰል ሆነ። በመጽሐፉ ሃይድን ያዩ ሰዎች ያስጠላቸው ምን እንደሆነ ለይተው መናገር አልቻሉም።

የሚለወጥ ሰው ተረት ለአረካም እንግዳ አይደለም። በወላይታ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው የተናቁ ነበሩ፤ በሌላው ዘንድ ጋብቻ አይሰጣቸውም ነበር። በሰሜንም በደቡብም ባለ እጅ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል ወሬ ይነገር ነበር። ገበሬው መቆፈሪያውን፣ እመቤቲቱ ማሰሮዋን ከእነርሱ ገዝተው ይሄዳሉ፤ ሲመሽ ግን ይፈሯቸዋል። ጄኪልን የለወጠው ተመዝኖ የተገዛ ጨው ነው፤ ቀጥቃጩን ይለውጠዋል የተባለው ግን የተወለደበት ዘር ነው። ከዚህ አንጻር ሲኒማው ከመጽሐፉ ይልቅ ለጅቡ ተረት ይቀርባል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አወጁ። ከዚያም በኋላ የቀጥቃጭ ልጅ ለጋብቻ ሲጠይቅ ዘሩ ይቆጠር ነበር።