በመድኃኒት የተሸፈነ ዐቅልና ያለፉ ሶላቶች

ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለዘጠኝ ቀናት በሰመመን ቆይቶ የነቃ ሙስሊም 45 ሶላቶች አልፈውታል። ቤተሰቡ ወደ ኢማሙ መጥቶ ሲጠይቅ፣ ኢማሙ አብዛኛውን ጊዜ «ራሱን ስቶ ነበርን?» ብሎ መልሱን በዚያው ላይ ይመሠርታል። የፊቅህን ታሪክ ስንመረምር ግን የቀደሙት ዑለማዎች በዚህ አንድ ጥያቄ እንዳልረኩ እናገኛለን።

ስለ ማደንዘዣ ሲነሣ በመስጊዶቻችን ቀድሞ የሚነገረው የዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ታሪክ ነው። ከመዲና ሰባቱ ፉቀሃእ አንዱ የነበሩት እኚህ ታቢዒይ፣ ወደ ኸሊፋ አል-ወሊድ በተጓዙበት ጊዜ እግራቸውን ሥጋ የሚበላ ቁስል ያዘው። እንዲቆረጥ ሲወሰን ዐቅል የሚያደበዝዝ መጠጥ ቀረበላቸው፤ አልጠጡም። ታሪኩ ለሶብር ታላቅ ምሳሌ ነው፤ ሑክም ግን አይደለም። ኢብኑ ሲና በሕክምና መጽሐፋቸው ኦፒየምን የመሰሉ አደንዛዥ ዕፆችን ዘርዝረዋል። ኢማም ነወዊም (ሞት 676 ሂ.) የበሰበሰ እጅን ለመቁረጥ ዐቅል የሚያስወግድ መድኃኒት መውሰድን በተመለከተ ካሉት ሁለት አስተያየቶች ይበልጥ ትክክለኛው መፈቀዱ መሆኑን ጽፈዋል። ስለዚህ ሕመምተኛን «ዑርዋ እንኳ አልጠጡም» ብሎ ማስጨነቅ ከፊቅህ ወገን መሠረት ያለው አይመስለንም።

የከበደው ጥያቄ ቀዷእ ነው። ሐዲስ ተኝቶ ሶላት ያለፈው ሰው ሲነቃ እንዲሰግድ ያዝዛል፤ ከእብድም ተጠያቂነት መነሣቱን ይናገራል። ራሱን የሳተ ሰው ከሁለቱ መካከል ቀረ። ኢብኑ ዑመር ራሳቸውን ስተው ከነቁ በኋላ ያለፋቸውን አለመስገዳቸው፣ ዐማር ኢብኑ ያሲር ግን መስገዳቸው ተዘግቧል። ማሊኪዎችና ሻፊዒዮች ራሱን የሳተውን ወደ እብዱ አስጠጉት፤ ሐንበሊዮች ወደ ተኛው። ሐነፊዮች ደግሞ በጊዜ ለኩት፦ አምስት ሶላት ወይም ከዚያ በታች ካለፈው ይከፍላል፤ ከዚያ ከበለጠ ይወርድለታል።

ዐቅልን የወሰደው በሽታ ሳይሆን በሰው እጅ የተሰጠ መድኃኒት ሲሆንስ? አቡ ሐኒፋ ነገሩ የሰው ድርጊት ስለሆነ፣ ቢረዝምም ቀዷእ አይወርድም አሉ። ደቀ መዝሙራቸው ሙሐመድ ግን የተወሰደው ነገር የተፈቀደ ስለሆነ ይወርዳል አሉ። ነወዊም ምክንያቱ ሐራም እስካልሆነ ድረስ ቀዷእ የለም ብለዋል። ኢብኑ ቁዳማ (ሞት 620 ሂ.) በአል-ሙግኒ የዐቅሉ መወገድ አጭር ከሆነ እንደ ራስ መሳት፣ ከረዘመ እንደ እብደት አዩት። ከላይ ያነሣነው የዘጠኝ ቀን ሕመምተኛ እንግዲህ በአቡ ሐኒፋ ቃል 45 ሶላት ባለ ዕዳ ነው፤ በሙሐመድና በነወዊ ቃል ምንም የለበትም። በሐነፊም በሻፊዒይም መዝሀብ በሚማሩት በወሎ ደረሶች ዘንድ ይህ ልዩነት የመጽሐፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እዚህ ላይ የሰመመንን አሰጣጥ ታሪክ ማወቅ ግድ ይሆናል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገንን ከመታው የፖሊዮ ወረርሽኝ በኋላ ሲሆን፣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን በቀጣዩ ዓመት አቋቋሙት። ኋላም በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳን ሰው በጥልቅ ሰመመን ለቀናት ማቆየት ልማድ ሆነ። በ2000 እ.ኤ.አ. ከቺካጎ የወጣ በ128 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ልማድ አናጋው። መድኃኒቱ በየቀኑ እየተቋረጠ እንዲነቁ የተደረጉት በመሣሪያው ላይ የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 4.9 ቀን ሲሆን፣ የሌሎቹ 7.3 ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪሞች ሁኔታው ሲፈቅድ ቀለል ያለ ሰመመንን ይመርጣሉ። ጥልቀቱንም ከሲደመር 4 (ኃይለኛ መረበሽ) እስከ ሲቀነስ 5 (በምንም አለመንቃት) በሚደርስ መለኪያ ይመዘግባሉ፤ ዜሮ ማለት ነቅቶ መረጋጋት ነው።

ስለዚህ ዘጠኙ ቀናት አንድ ወጥ ጨለማ ላይሆኑ ይችላሉ። የሚያስደንቀን የሐነፊ ዑለማዎች ይህንኑ የመሰለውን ቀድመው መለየታቸው ነው። ራሱን የሳተው ሰው በታወቀ ሰዓት፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ጧት ጧት፣ የሚነቃ ከሆነ መንቃቱ ይቆጠራል፤ ከዚያ በፊት ያለው ከቀንና ከሌሊት ያነሰ የራስ መሳት ቀዷእን አያወርድም። በድንገት እንደ ጤነኛ ተናግሮ መልሶ ራሱን ቢስት ግን አይቆጠርም። በሻፊዒዮችም ዘንድ ዐቅሉ በዐስር ወቅት ተመልሶ ለጦሃራና ለሶላት የሚበቃ ጊዜ ከቆየ ያ ሶላት ግዴታ ይሆንበታል፤ ጊዜው ለሁለቱ ከበቃ ዙህርም አብሮ ይከተላል። በየማለዳው መድኃኒቱን የማቋረጥ ሥርዓት እንግዲህ የሐኪም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ዐይን መግለጥ ብቻውን ደግሞ የዐቅል መመለስ አይደለም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ብዙዎች ነቅተው ይቃዣሉ፤ ይናገራሉ፣ ነገር ግን ቦታውንም ቀኑንም አያውቁም። እጁን ጨብጥ ሲባል የሚጨብጥ፣ የተነገረውን የሚያስተውል ሕመምተኛ ግን ከዚህ ይለያል፤ እንዲህ ያለው በአቅሙ፣ በምልክትም ቢሆን፣ መስገድ ይችላል። ልዩነቱን የሚያውቁት በአልጋው አጠገብ ያሉት ነርሶች ናቸው፤ መድኃኒቱ የቆመበትንና የተመለሰበትን ሰዓትም የሚመዘግቡት እነርሱ ናቸው። ኢማሙ ፈትዋውን ከመስጠቱ በፊት ቤተሰቡ ይህን ከሆስፒታሉ ጠይቆ እንዲመጣ ሊያደርግ ይገባል፦ በየትኞቹ ቀናት፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ ነቃ፤ ሲነቃስ ሰው ለየ ወይስ አልለየም?